የወለላ መጥሪያ

በሰሜን ሸዋ፣ ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት ገደል ጫፍ ላይ፣ እንኮይ አፋፍ ከሚባለው መንደር በስተምሥራቅ፣ አንድ ሰፊ ጥቁር ድንጋይ ወደ ገደሉ ብቅ ብሎ ተንጋሎ ይታያል። የአገሩ ሰው «ወለላ መጥሪያ» ይለዋል። ስሙን የሰማ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው ንብ ነው፤ ከድንጋዩ ሥር ይጎነበሳል፣ ስንጥቁን ያያል፣ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ይኖር እንደሆነ ዙሪያውን ይቃኛል። ንብም ማርም የለም። እዚያ ያለው ነፋስና ከታች የሚሰማው የጉምጉሜ ወንዝ ድምፅ ብቻ ነው። እንግዳው ግራ ተጋብቶ ሲጠይቅ የመንደሩ ሽማግሌዎች ፈገግ ይሉና፣ ወለላ ማር ሳይሆን ሰው እንደነበረ፣ ያውም ወንድ እንደነበረ ይነግሩታል። ነገሩ በአንድ ትንፋሽ አያልቅምና አስቀድመው ተቀመጥ ይሉታል።

እንደሚነገረው፣ ድሮ በወንዙ ላይ ድልድይ ባልነበረበት ዘመን፣ እንኮይ አፋፍና ከገደሉ ማዶ ያለው ዝግቦ እንደ አንድ መንደር ነበሩ። ይጋባሉ፣ ይዋለዳሉ፣ ሲቸግር ዘር ይበዳደራሉ። በበጋ ሰው ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጠ ተሻግሮ፣ ማዶ ወጥቶ ዘመዱ ቤት ለመግባት ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ክረምት ሲገባ ግን ጉምጉሜ ይሞላና ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ እስከ መስቀል ድረስ ከወፍ በቀር የሚሻገረው አይገኝም። በእነዚያ ወራት ሁለቱን መንደሮች የሚያገናኛቸው የሰው ጉሮሮ ነበር። በየመንደሩ አንዳንድ ጠሪ ይኖራል፤ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደወለደ፣ የማን በሬ እንደጠፋ ገደል ጫፍ ላይ ቆሞ ይጣራል፤ የማዶው ጠሪ ደግሞ የሰማውን ቃል መልሶ ይጣራል። የጠሪዎች ሕግ አጭር ነበር፤ ማዶ የመለሰው ቃል ጸና፣ ማዶ ያልመለሰው ቃል እንዳልተባለ ይቆጠራል።

የእንኮይ አፋፍ ጠሪ ጓንጉል የሚባል ሰው ነበር። ቁመቱ አጠር ያለ፣ ደረቱ ግን የሰፋ፣ አንገቱ እንደ ወይፈን አንገት የደነደነ ሰው ሲሆን፣ አፋፉ ላይ ወጥቶ ሲጣራ የዝግቦ ውሾች ይጮኹ ነበር ይባላል። የአገሩ ምስለኔ አዋጅ ሲኖረው የሚያስጠራውም እሱን ነበር። ጓንጉል ታዲያ ምስለኔው ፊት ሲቀርብ ጋቢውን ወገቡ ላይ አደግድጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ነው ቃሉን የሚቀበለው። ድምፁ ገደል ይሻገራል፤ እሱ ራሱ ግን የምስለኔውን ደጃፍ አንድ እርምጃ አልፎ አያውቅም። ማንም ያን ያህል ልብ ያለው ነገር አልነበረም፣ ደሃ ማደግደጉ የአገር ወግ ነውና። ጓንጉልን ግን ይህ ነገር ከውስጥ ሲበላው ኖሯል።

ሚስቱ ትርንጎ የዝግቦ ልጅ ነበረች፤ አባቷ አባ እንግዳሸት በዚያ የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቢተው የሚባል ታላቅ ወንድምም ነበራት። በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ትርንጎ ፀነሰች። የበኩር ልጅ የሚወለደው በሴቲቱ ወላጆች ቤት ነውና ሰኔ ሲገባ ወደ ዝግቦ ልትሻገር ስንቋ ሁሉ ተሰናድቶ ነበር ይባላል። የዚያ ዓመት ክረምት ግን ቀደመ። ወንዙ በግንቦት መጨረሻ ሞልቶ አደረና ትርንጎ በእንኮይ አፋፍ ቀረች። በሐምሌ አጋማሽ ሁለት ቀን አምጣ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ጓንጉል ሴቶቹን አስከትሎ አፋፉ ላይ ወጣ፤ ሰባት ጊዜ እልል አሉ፤ ከማዶም ሰባት ጊዜ እልልታ ተመለሰ። አባ እንግዳሸት የልጅ ልጃቸውን ለማየት መስቀልን መጠበቅ ነበረባቸው።

ልጁ ገና በሆድ ሳለ ጓንጉል ስም አውጥቶለት ነበር። ለማንም አልነገረም፤ ግን ከበሬዎቹ ኋላ እየሄደ፣ እንጨት እየፈለጠ፣ ለብቻው ይለው ነበር፤ አስደግድግ። የእሱ ልጅ አያደገድግም፤ ሌላው ነው ለእሱ የሚያደገድገው። ስሙ ራሱ አፍ ውስጥ ሲገባ እንጨት እንደሚፈልጥ ምሳር ነው፤ ጓንጉል አንድ ሁለቴ ጮክ ብሎ ሞክሮት በሬው ደንግጦ ቀንበር እንደጣለ እየሳቁ የሚያወሩ አሉ።

ልጁ በተወለደ በሠላሳኛው ቀን አካባቢ፣ ከእርሻ ሲመለስ ከጓዳው ደጃፍ ተቀምጦ እግሩን ሲታጠብ የሚስቱን ድምፅ ሰማ። ልጁ ያለቅሳል፤ እሷም ቃሉን እየጎተተች፣ በዜማም ሳይሆን እንዲሁ፣ ወለላ፣ ወለላዬ፣ ትለዋለች። ሦስተኛው ላይ ልጁ ዝም አለ። ጓንጉል ለሕፃን የሚባል ማቆላመጫ መስሎት መታጠቡን ቀጠለ። በማግስቱም ሰማው፣ በሦስተኛው ቀንም ሰማው። አራስ ልትጠይቅ የመጣች ጎረቤት «ወለላ እንደምን አደረ?» ብላ ስትገባ ግን ውኃውን አስቀምጦ ተነሣ።

ትርንጎ አልደበቀችውም። ሁለት ቀን አምጣ ልጁን ደረቷ ላይ ሲያኖሩላት ከአፏ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይህ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ስም ልታስብ ብትሞክር እንዳልመጣላት፣ ልጁም ቢሆን ቃሉን ለምዶት ሲሰማው ዓይኑን እንደሚያዞር ነገረችው። ጓንጉል መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ወለላ የሴት ስም መሆኑን አስረዳት። ልጁ አድጎ ችሎት ፊት ወለላ ጓንጉል ተብሎ ሲጠራ ዳኛው ሴት እንደሚጠብቅ፣ ጓደኞቹ ማር ላሱልን እያሉ እንደሚቀልዱበት፣ ጠላት ቢመጣበት ስሙን ሰምቶ ከመፍራት ይልቅ እንጀራ ይዞ እንደሚቀርብ ዘረዘረላት። ትርንጎ በመጨረሻው ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም። ያን ጊዜ ነው ደብቆ የያዘውን ስም የነገራት።

«አስደግድግ?» አለች ትርንጎ። ሕፃኑን አየች፤ ጡቷን ይዞ እንቅልፍ ወስዶታል።

ጓንጉል የጠሪነቱንም እውቀት አመጣ። ስም ማለት ከሩቅ የሚሰማ ነገር እንደሆነ፣ ይህ የእሷ ቃል ግን ለስላሳ ሥጋ ብቻ እንጂ አጥንት እንደሌለው፣ ከአፍ ሲወጣ እዚያው ጉም ውስጥ እንደሚቀልጥ ነገራት። ሃያ ዓመት ቃል ሲወረውር የኖረ ሰው ነበርና ይህን ሲል አመነበት። እስከዚያ ቀን ድረስ ቃልን ማዶ የሚያደርሰው የጉሮሮ ጉልበት ብቻ ነው ብሎ ያስብ ነበር። ሞት ሲኖር «ዋይ» እያለ፣ ሠርግ ሲኖር እልል እያስባለ፣ ሰው ሲፈለግ «ና» እያለ ነበር የሚጣራው፤ ቃሎቹ ሁሉ እየተጎተቱ የሚረዝሙ መሆናቸውን ልብ ብሎ አያውቅም። አስደግድግን የመሰለ ቃል ደግሞ ከገደሉ ማዶ ወርውሮ አያውቅም ነበር።

ትርንጎም እንዲህ አለችው ይባላል፦

«አንተ ለአገር በዓመት አንድ ቀን ትጠራው ይሆናል። እኔ ግን ጠዋት ተነሥቼ እጠራዋለሁ፣ ራት ሲደርስ እጠራዋለሁ፣ ሲታመም እጠራዋለሁ። ስሙ የሚኖረው እኮ በእኔ ምላስ ላይ ነው።»

ጓንጉልም መልስ ያጣ ሰው እንደሚያደርገው ወግን ጠራ፤ በአገሩ የወንድ ልጅ ስም የሚያወጣው አባት ነው አለ። ይህ እውነት ነበርና ትርንጎ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ከዚያ በኋላ ለሳምንት ያህል በዚያ ቤት ውስጥ የተነጋገሩት ስለ እንጨትና ስለ ውኃ ብቻ ነው። እሷ ግን ልጁን በዚያው በለመደው ስም ማባበሏን አልተወችም፤ ጓንጉልም በሰማው ቁጥር በሩን ከፍቶ ይወጣ ነበር።

ልጁ ክርስትና የሚነሣበት አርባ ቀን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጓንጉል ስሙን ለአማቱ ማድረስ ነበረበት፤ አባ እንግዳሸት ወንዙን ተሻግረው በአካል መመረቅ ባይችሉ እንኳን በዚያው በማዶ ሆነው በስሙ እየጠሩ ይመርቁት ዘንድ። ጠዋት ወጣ። ከአፋፉ በታች ገደሉን ጉም ሞልቶታል፤ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ወንዙን አሳብጦት ድምፁ ከምድር ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። በዚያ ቀን የዝግቦው ጠሪ ተስቦ ይዞት ተኝቶ ነበርና ከማዶ አፋፍ ቆመው የጠበቁት አባ እንግዳሸትና ቢተው ነበሩ። ጓንጉል እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ የዝግቦን ሰዎች ጠርቶ፣ የልጁን ስም ደረቱ እስኪሰነጠቅ ወረወረው። አንዴ። ሁለቴ። ዝም ብሎ አዳመጠ። ከማዶ ቀጭን ድምፅ ተመለሰ፤ «ግድግ» የሚል ነገር ሰማ። ሕጉ ሙሉው ቃል ሦስት ጊዜ እስኪመለስ መጠበቅ ነበር። ጓንጉል ግን ሊሰማ የፈለገውን ስለሰማ አልጠበቀም። እንደ ወጣት ልጅ እየዘለለ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ከደጃፉም ሳይገባ ማዶ አስደግድግን መለሰ፣ ስሙ ጸና፣ ብሎ አወጀ። ጠላ ይጠምቁ የነበሩት ሴቶች ወደ ጓዳው አዩ። 

በማዶ የሆነው ግን ሌላ ነበር። የዝግቦ ሰዎች በኋላ እንደተረኩት፣ ጉሙና ወንዙ ቃሉን በልተውት አፋፉ ላይ ለቆሙት የደረሳቸው ስብርባሪው ነበር፤ «ልጁ» የሚለውን ሰምተዋል፣ «ግድግ» የሚለውን ሰምተዋል። ሌሊቱን ዶፍ ሲወርድ አድሯል። ቢተው ደንግጦ «ግድግዳ?» ብሎ ጮኸ፤ ጓንጉል ስሙ ተመለሰልኝ ብሎ ደስ ብሎት የሄደው ይህንኑ ሰምቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ከእንኮይ አፋፍ ድምፅ ጠፋ። አባትና ልጅ ተያዩ። ግድግዳው ልጁ ላይ ወድቋል፤ ሌላ ትርጉም አልታያቸውም። ቢተው አምስት ጎረምሶችና አንድ ረጅም ጠፍር ይዞ ወደ ወንዙ መውረድ ጀመረ፤ አባ እንግዳሸት ሊከለክሉት አልቻሉም፣ ሊከተሉትም ጉልበታቸው አልቻለምና አፋፉ ላይ በምርኩዛቸው ተደግፈው ቀሩ።

ጉሙ ረፋዱ ላይ ተገለጠ። ከእንኮይ አፋፍ ቅጠል ልትቆርጥ የወጣች አንዲት ሴት ከታች ሰዎች አየች፤ በክረምት ሰው ወደ ጉምጉሜ ሲወርድ አይታ አታውቅምና ሮጣ መጥታ ተናገረች። ጓንጉል አፋፉ ላይ ሲደርስ ስድስት ሰዎች ወንዙ ዳር ቆመው ጠፍር ሲያስሩ፣ አንደኛው ጋቢውን አውልቆ ራሱ ላይ ሲጠመጥም አየ። በአረማመዱ ቢተው መሆኑን አወቀው። ተመለሱ ብሎ ጮኸ። እጁን አራገበ። የወንዝ ዳሮቹ ቀና ብለው አዩት፤ ሰው ሲጮኽና እጁን ሲያራግብ ያየ ሰው ድረሱልን የሚል መስሎት የባሰ ይቸኩላል እንጂ አይመለስም። ጓንጉል ሲጮኽ እነሱ ይፈጥናሉ፣ እነሱ ሲፈጥኑ እሱ ይጮኻል። ቢተው ውኃው ውስጥ ገባ። ውኃው ጉልበቱ ደረሰ፣ ቀጥሎ ጭኑ። ጓንጉል ያን ጊዜ ነው የሆነውን ሁሉ የተረዳው፤ ማዶ ስሙን አልመለሰም፣ ጠየቀው እንጂ።  በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አጣ።

ትርንጎ የመጣችው በዚህ መካከል ነው። አርባ ቀን ያልሞላት አራስ ከጓዳ አትወጣም፤ ያውም ልጇን ይዛ። ሴቶቹ ሊከለክሏት ሞክረው ነበር ይባላል፤ እሷ ግን በአንድ እጇ ልጁን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋ፣ በሌላው እጇ ለአራስ የሚያዝ ቁራጭ ብረቷን እንደጨበጠች፣ በባዶ እግሯ መጣች። ሰዎቹን ገፋ አድርጋ ወደ ገደሉ ብቅ ያለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ወጣች። ከታች ወንድሟን አየች። ከማዶ በምርኩዝ የቆመውን ትንሽ ነገርም አየች፤ አባቷ መሆኑን አወቀች። ምን ብላ ትጥራ? ተመለስ እንዳትል የባሏ ተመለስ አልተሰማም። ልጁ ደህና ነው እንዳትል ቃሉ ብዙ ነው፤ ወንዙ ይበላዋል። ልጁ በብርዱ ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ። ያኔ እሷ ሌላ ሳታስብ፣ በየቀኑ ሲያለቅስ የምታደርገውን አደረገች። ቃሉን ጎትታ፣ ለስላሳ አድርጋ፣ ብላ የማታውቀውን ያህል ግን ከፍ አድርጋ ጠራችው።

«ወለላ… ወለላዬ…»

ጓንጉል ከኋላዋ ቆሞ ቃሉ ሲሄድ ሰማው። በጠሪነቱ ብዙ ቃል ወርውሯል፤ እንደዚህ ያለ ግን አላየም። የሚሰበር ጫፍ አልነበረውም። ከወንዙ ድምፅ ጋር አልተጋፋም፤ በላዩ ላይ ተንሳፎ ሄደ፣ ከማዶ ገደል ደረሰ፣ እዚያ ደግሞ ወደ ታች ወረደ። ደግማ ጠራች። በማዶ አፋፍ አባ እንግዳሸት ሰሙ። ጆሯቸው ደክሞ ነበር፤ ግን የልጃቸው ድምፅ መሆኑን ለዩ፣ ልጇ የሞተባት ሴት ድምፅ አለመሆኑንም ለዩ። ልጇ የሞተባት እናት እንደዚያ አትጠራም። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ጥለው፣ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያንኑ ቃል መለሱላት።

«ወለላ!»

ትርንጎ ጠራች፤ እሳቸው መለሱ። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ከሁለቱም ገደል ወደ ታች ፈሰሰ፤ ውኃው እስከ ወገቡ የደረሰው ቢተው ቀና አለ። ሸርተት አለና ጠፍሩን የያዙት ጎረምሶች ጎተቱት፤ ራሱ ላይ የነበረው ጋቢ ወድቆ ወንዙ ወሰደው። እሱ ግን የእህቱ ድምፅ የለቅሶ አለመሆኑ ገብቶት ወደ ኋላ ተመለሰ። ዳር ላይ ወጥቶ ተቀምጦ እንደ ሰካራም ሲስቅ አዩት፤ ከላይም ከታችም ያለው ሰው ሳቀ፤ ቢተው በሰው ነጠላ ተጠቅልሎ ወደ ዝግቦ የወጣበት ቀን እየተባለ ለብዙ ዘመን ተወርቷል።

እንኮይ አፋፍ ላይ ሰው ሁሉ ጓንጉልን አየ። ጠዋት ማዶ አስደግድግን መለሰ፣ ጸና ብሎ ለመንደሩ ያወጀ እሱ ነው። አሁን ደግሞ ሁሉም በጆሮው ሰምቷል፤ ማዶ የመለሰው ሌላ ቃል ነው፣ ያውም ሦስት ጊዜ፣ ያውም በአባ እንግዳሸት አፍ። ጓንጉል ቢፈልግ ወግን ሊጠራ ይችል ነበር። ስም የሚያወጣው አባት ነው፣ እሷም ጠሪ አይደለችም፣ ሊል ይችል ነበር።  እሱ ግን ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ፣ ምስለኔው ፊት እንደሚያደርገው ወገቡ ላይ አደገደገ። ሚስቱ ልጁን ታቅፋ በቆመችበት ድንጋይ ሥር ጎንበስ ብሎ ቆመና፣ ድምፁ ገና እንደተዘጋ፣ «ማዶ የመለሰውን እኔ አልሽርም» አለ። ትርንጎም ከድንጋዩ ልትወርድ እጇን ሰጠችው።  በሁለተኛው ቀን ልጁ ክርስትና ሲነሣ ቄሱ የክርስትናውን ስም በቤተ ክርስቲያን ሰጡት፤ የቤቱ ስም ግን ወለላ ሆኖ ጸና።

ስሙ ልጁን አላስቸገረውም ቢባል ውሸት ይሆናል። ሰባት ዓመት ሲሆነው አንድ ቀን ከጨዋታ ሲመለስ ፊቱ ተጨማዶ ነበር፤ አባቱን በቀጥታ ስሜ የሴት ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ጓንጉል ይህን ጥያቄ ለሰባት ዓመት ሲጠብቀው ኖሯል። እንዲህ እመልሳለሁ፣ እንዲያ እመልሳለሁ እያለ ያዘጋጀው ብዙ ነበረ፤ ሁሉንም ተወና ልጁን እጁን ይዞ ወደ ድንጋዩ ወሰደውና ራስህ ጥራው አለው። ልጁ አፈረ። ቀስ ብሎ ጠራ፤ አባቱ ጎትተው አለው፤ ደግሞ ጠራ። የመኸር ጊዜ ነበርና ከማዶ ሴቶች ማሳ ውስጥ ያጭዱ ነበር። አንዷ ቀና ብላ መለሰችለት። ሌላዋ ቀጠለች፤ ከታች እንጨት የሚለቅም ሰው መለሰ፤ አንድ ሽማግሌ ከቤቱ ደጃፍ መለሰ። ዝግቦ ውስጥ ያን ስም የማያውቅ ሰው አልነበረም። ልጁ እስኪደክመው ተጣራ፤ እነሱም እስኪደክማቸው መለሱለት። በዚያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም ጓንጉል የገዛ ልጁን በስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብሎ የጠራው፤ እስከዚያ ድረስ አንተ ልጅ ነበር የሚለው ይላሉ።

ወለላ አድጎ ቁመተ ሎጋ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የሚወርድ ሰው ሆነ። ችሎት ላይ ስሙ ተጠርቶ ሲነሣ ሴት ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች መሳቃቸው አልቀረም፤ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር ይባላል፣ ከሳቁ በኋላ ግን ስሙን የሚረሳ አልነበረም። የእንኮይ አፋፍ ጠሪም እሱ ሆነ። ሚስት አግብቶ የመጀመሪያ ወንድ ልጁ ሲወለድ ሽማግሌዎች ስሙን ማን አልከው ብለው ጠየቁት። ገና አልሰማሁም፣ እናቱን እንጠይቃት፣ አላቸው። ጓንጉል በዚያን ጊዜ አርጅቶ ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ይህን ሲሰማ ራሱን ከፍ ዝቅ አደረገ ይባላል።

ከዚያ ወዲህ ነው ልማዱ የጸናው። ልጅ ክርስትና ሊነሣ ሁለት ቀን ሲቀረው እናቲቱ ወለላ መጥሪያ ላይ ትወጣለች፤ ወንድም ሆነ ሴት ስሙን ሦስት ጊዜ ትጠራለች፤ አባትየው ጋቢውን አደግድጎ ከድንጋዩ በታች ይቆማል፣ ቃል አይናገርም። ማዶ እስኪመልስ ድረስ ስሙ ያምራል፣ አያምርም፣ ለወንድ ይሆናል፣ አይሆንም ማለት ነውር ነው። ማዶ ከመለሰ በኋላ ደግሞ ማለቱ ዋጋ የለውም። አሁን በጉምጉሜ ላይ ድልድይ ተሠርቷል፣ ዝግቦም እንኮይ አፋፍም ስልክ ያልያዘ የለም፤ ልማዱን ግን የተወ የለም።

ባለፈው ነሐሴ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ሚስት ወንድ ወልዳ ስሙን ማለዳ አለችው። ሾፌሩ የከተማ ሰው ነው። ወለላን የሚያውቀው በወሬ ብቻ ነበርና በስልክ እህቶቹ ይህማ የሴት ነው ሲሉት አምኖ ከሚስቱ ጋር ሦስት ቀን ተኳርፎ ነበር ይባላል። በቀኑ ግን አልቀረም። ጋቢ ተውሶ፣ ማደግደጉን አንድ ሽማግሌ አሳይተውት፣ ከድንጋዩ በታች ቆመ። ሚስቱ ጠራች። ጉም ነበርና ማዶው አይታይም። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ አላነሣውም። ሁለተኛ ጠራች፣ ሦስተኛ ጠራች። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ አንድ የአሮጊት ድምፅ፣ ቀጥሎ የሁለት ልጆች፣ ቀጥሎ የብዙ ሰው ድምፅ፣ ማለዳ፣ ማለዳ፣ እያለ እየተጎተተ መጣ። ሾፌሩ ድምፁ እስኪያልቅ ድረስ አዳመጠ። ከዚያ መናገር ክልክል መሆኑን ረስቶ ወደ ሚስቱ ቀና አለና፣

«እስቲ አንድ ጊዜ ድገሚው» አላት።